ሿሚውን ትተን ሻሪውን እንጠይቅ

የምርጫ ቦርድ ነገር በተነሣ ቁጥር ክርክሩ የሚጀምረውም የሚያልቀውም በአንድ ጥያቄ ነው፤ «ማን ሾማቸው?» ጠቅላይ ሚኒስትሩ ካቀረቧቸውና ገዥው ፓርቲ የሞላው ምክር ቤት እጁን አውጥቶ ካጸደቃቸው ነገሩ አበቃ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ቦርዱ የሚወራው ሁሉ ትርፍ ወሬ ነው ይባላል። ተቃዋሚው ይህን ይላል። ምሁሩ በየጉባኤው ይህንኑ ይደግማል። የውጭ አማካሪውም ምክረ ሐሳብ ሲጽፍ በቅድሚያ የሚያሰፍረው «የአመራረጡ ሒደት ግልጽና አሳታፊ ይሁን» የሚለውን ነው። መንግሥትም ቢሆን ቦርዱን አሻሽላለሁ ብሎ ሲነሣ መጀመሪያ የሚነካካው ይህንኑ ነው፤ መልማይ ኮሚቴ ያቋቁማል፣ የሃይማኖት አባትና የአገር ሽማግሌ ይጨምርበታል፣ ከሕዝብ ጥቆማ ይቀበላል። በዚህ ጉዳይ ገዥውና ተቃዋሚው የሚግባቡትን ያህል በሌላ በምንም አይግባቡም።

እኔ ግን ሁለቱም ተሳስተዋል ባይ ነኝ። አሿሿም ዋጋ የለውም አላልኩም። ነገር ግን የምርጫ ኃላፊን ነጻ ሰው ወይም ሎሌ የሚያደርገው የሾመው ሰው ማንነት አይደለም፤ ከተሾመ በኋላ የሚፈራው ነገር ነው። ነገ ማለዳ በደብዳቤ ሊያነሣው የሚችል ሰው ካለ፣ ሽማግሌ ቢመርጠው፣ ጳጳስ ቢባርከው፣ ሕዝብ በስልክ ቢጠቁመው ያንን ሰው ሲፈራ ይኖራል። ሊያነሣው የሚችል ከሌለ ደግሞ፣ በአንድ ሰው ፊርማ ቢሾም እንኳ፣ ፈራሚውን ረስቶ ሕጉን ሊያስብ ይችላል። ሹም ሽርን ለዘመናት የኖረበት የእኛ ሕዝብ ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረበት። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያለው ሰው የሹምን ልብ የሚገዛው የተሾመበት ቀን ሳይሆን የሚሻርበት ቀን እንደሆነ ገብቶታል።

ማስረጃውን ከራሳችን ቤት እንጀምር። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ከማል በድሪ ነበሩ። እኚሁ ሰው በዚያው ጊዜ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትም ነበሩ። በቦርዱ ውሳኔ የተከፋ ፓርቲ አቤት ሊል የሚሄደው የቦርዱ ሰብሳቢ በበላይነት ወደሚመሩት ፍርድ ቤት ነበር ማለት ነው። በአዲስ አበባ ተቃዋሚው 23ቱንም የፓርላማ ወንበሮች ጠራርጎ ወሰደ፤ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮችም 137ቱን ቅንጅት የተባለው የተቃዋሚዎች ስብስብ አገኘ። የአገር አቀፉ ውጤት ግን ለወራት ተጓተተ፤ በዚህ መሐልና ከዚያም በኋላ ጎዳናው በደም ታጠበ፤ ጉዳዩን እንዲመረምር የተሰየመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ በ2002 ዓ.ም. ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 ወንበሮች 545ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉንም ወሰዱ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ «ማን ሾማቸው?» ለሚለው ወገን የሚመች ይመስላል። ቀጥሎ የመጣውን ግን ያ ወገን ሊያብራራው አይችልም። ኅዳር 13 ቀን 2011 ዓ.ም. ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የቦርዱ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። በ1990ዎቹ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲፈቱ ያዘዙት፣ ተፈቺው ወዲያው ተመልሰው ሲያዙ ያዩት ዳኛ እሳቸው ናቸው። የቅንጅት ምክትል ሊቀመንበር ሆነው ታስረዋል፤ ተፈትተው ዳግም ታስረዋል፤ በመጨረሻም አገር ለቀው ወጥተዋል። አገሪቱ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ የቦርድ ሰብሳቢ አይታ አታውቅም፤ የመንግሥት ደጋፊም ተቃዋሚም አጨበጨበ። ለመሆኑ በየትኛው መንገድ ተሾሙ? መልማይ ኮሚቴ አልነበረም። የሕዝብ ጥቆማ አልነበረም። ኮሚቴ የሚጠይቀው አዋጅ ቁጥር 1133 ገና አልወጣም ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስማቸውን አቀረቡ፤ መቶ በመቶ በገዥው ግንባርና በአጋሮቹ የተያዘው ምክር ቤት አጸደቀ። አሿሿም ሁሉን ይወስናል ከተባለ፣ እጅግ የተወደሰው ሹመታችን የተገኘው እጅግ በሚነቀፈው መንገድ መሆኑን ምን እንበለው?

«ያ አጋጣሚ ነው፤ የለውጥ ሰሞን ነበር» የሚል አይጠፋም። እንግዲያው ወደ ጎረቤትና ወደ ሩቅ አገር እንሂድ።

በጋና የምርጫ ኮሚሽን ሊቀመንበርን የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነው፤ የመንግሥት አማካሪ ምክር ቤት የሚባለው አካል ምክር ይሰጠዋል እንጂ የሚያስረው ነገር የለም። በእኛ ክርክር መለኪያ ይህ ወዲያው ይወድቃል። ግን የሆነውን እንይ። በፕሬዚዳንት ሮውሊንግስ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1993 የተሾሙት ኩዋድዎ አፋሪ-ጂያን በ2000 የሮውሊንግስ ፓርቲ መሸነፉን ራሳቸው አወጁ። በ2008 ደግሞ ወንበር ላይ የነበረው ፓርቲ 40 ሺሕ ገደማ በሆነ ድምፅ ብቻ ሲሸነፍ ያንንም አወጁ። ተተኪያቸውን ሻርሎት ኦሴይን በ2015 የሾሙት ፕሬዚዳንት ማሃማ ናቸው፤ በቀጣዩ ዓመት የማሃማን ሽንፈት ያወጁት ሻርሎት ናቸው። ቀጥለው የመጡትን ጂን ሜንሳን በ2018 የሾሙት ፕሬዚዳንት አኩፎ-አዶ ናቸው፤ በታኅሣሥ 2024 የአኩፎ-አዶ ፓርቲ መሸነፉን ያወጁት ጂን ሜንሳ ናቸው። ሦስት ሊቀመንበሮች፣ ሦስቱም በፕሬዚዳንት የተሾሙ፣ ሦስቱም የሿሚያቸውን ፓርቲ ሽንፈት አወጁ።

ናይጄሪያም እንዲሁ ናት። ፕሮፌሰር አታሂሩ ጄጋን በ2010 ያመጧቸው ፕሬዚዳንት ጉድላክ ጆናታን ናቸው። በ2015 ምርጫው ስድስት ሳምንት ሲራዘም፣ ጆናታን ሰውየውን ከቦታቸው ሊያነሷቸው ነው የሚል ወሬ አገሩን ሞላው። አልተነሡም፤ ሕገ መንግሥቱ ያለ ሴኔቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማንሳትን አይፈቅድም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን በአቡጃ የስብሰባ አዳራሽ ውጤት ሲደመር፣ የገዥው ፓርቲ ወኪል የነበሩ የቀድሞ ሚኒስትር ማይክራፎን ጨብጠው ጄጋን «አድሏዊ ነህ» እያሉ ጮኹባቸው፤ ድምር እንዳይቀጥልም ወለሉ ላይ ተቀመጡ። አገር በቴሌቪዥን ያያል። ጄጋ ዝም ብለው ሰሙ፤ ሰውየው ሲደክማቸው በተረጋጋ ድምፅ መልስ ሰጡና ድምሩን ቀጠሉ። በዚያው ቀን የሾሟቸው ፕሬዚዳንት ስልክ ደውለው ለተቀናቃኛቸው እንኳን ደስ አለዎት አሉ። ያ መረጋጋት ከጠባይ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ጄጋን በዚያች ቀን ሊያነሣቸው የሚችል ሰው አልነበረም።

ከሁሉም በላይ የምታስተምረው ማላዊ ናት፤ እዚያ ሿሚው አንድ፣ ተሿሚዎቹ ሁለት ነበሩና። ዳኛ ጄን አንሳን የሾሙት ፕሬዚዳንት ሙታሪካ ናቸው። በ2019 ምርጫ ሙታሪካ አሸነፉ ተባለ፤ የውጤት ቅጾቹ ግን በነጭ ማጥፊያ ቀለም የተሠረዙና የተደለዙ ሆነው ተገኙ። ሕዝቡ ያንን ምርጫ በማጥፊያው ስም «የቲፔክስ ምርጫ» አለው። አምስት ዳኞች ጥይት የማይበሳው ሰደርያ ለብሰው፣ በወታደር ታጅበው ችሎት ገቡ፤ አሥር ሰዓት ገደማ የፈጀ ፍርድ አንብበው እ.ኤ.አ. የካቲት 3 ቀን 2020 ምርጫውን ሰረዙ። ጄን አንሳ ሥራቸውን ለቀቁ። ድጋሚ ምርጫው ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ዳኛ ቺፉንዶ ካቻሌን የሾሙት ማን ናቸው? እኚያው ሙታሪካ። በዚያው ሿሚ፣ በዚያው ሕግ። ካቻሌም በሰኔ 2020 ሙታሪካ መሸነፋቸውን፣ ተቀናቃኛቸው ቻክዌራ ከ58 በመቶ በላይ ማግኘታቸውን አወጁ። በሁለቱ ምርጫዎች መካከል የተለወጠው ሿሚው አልነበረም፤ ፍርሃቱ ነበር። ካቻሌ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ የሚፈሩት ቤተ መንግሥቱን ሳይሆን እያንዳንዱን ቅጽ አገላብጦ ያየውን ችሎት ሆነ።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው እንፈትነው። ጥሩ አሿሿም ጥሩ ኮሚሽን የሚወልድ ቢሆን ኬንያ የምርጫ ገነት በሆነች ነበር። በ2007 ፕሬዚዳንት ኪባኪ ከተቃዋሚ ጋር የነበረውን ስምምነት ወደ ጎን ትተው ኮሚሽነሮችን ብቻቸውን ሾሙ፤ ዓመቱ ሲያልቅ አገሪቱ ከ1,100 በላይ ሰው በገደለ ሁከት ተቃጠለች። ከዚያ የተማሩት ትምህርት «አሿሿሙን እናስተካክል» የሚል ነበር። አስተካከሉም። መልማይ ቡድን ከሃይማኖት ጉባኤ፣ ከጠበቆች ማኅበር፣ ከፓርላማው ይውጣጣል፤ ዕጩ በአደባባይ ይጠየቃል፤ ፓርላማው ያጣራል፤ ዋና ዳኛው ቃለ መሐላ ያስፈጽማል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ሆኖም በ2016 አንድ ኮሚሽን እንዳለ በጎዳና ሰልፍ ጫና ቦታውን ለመልቀቅ ተስማማ። በነሐሴ 2022 በዚህ ሁሉ ወንፊት ካለፉት ሰባት ኮሚሽነሮች አራቱ ውጤት ሊነገር ደቂቃዎች ሲቀሩ ወደ ሆቴል ሄደው «እኛ የለንበትም» አሉ። ይባስ ብሎ መልማይ ቡድኑን ማን ይምረጥ በሚለው ጭቅጭቅ ከጥር 2023 እስከ ሐምሌ 2025 ኬንያ አንድም ኮሚሽነር ሳይኖራት ቆየች። የሞተ የፓርላማ አባል ምትክ መምረጥ እንኳ አልተቻለም። አሿሿምን አጣርቶ አጣርቶ እስከ ጫፍ የወሰደ አገር መጨረሻ ላይ ሹም አጣ።

እንግዲህ በ2022 ኬንያን ከእሳት ያዳናት ምንድን ነው? ከ46 ሺሕ በላይ ወረቀት። በየጣቢያው የተፈረመው የውጤት ቅጽ ፎቶው ተነሥቶ ለሕዝብ በተከፈተ ድረ ገጽ ላይ ወጣ፤ ጋዜጠኛው፣ ፓርቲው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው እያወረደ ደመረው። አራት ኮሚሽነሮች ቢክዱም ወረቀቱ አልካደም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ወረቀቱን ይዞ በሙሉ ድምፅ ውጤቱን አጸና። ከሰባቱ አራቱ ባይፈርሙም አገር ያልፈረሰችው ነገሩ በሰባቱ እጅ ብቻ ስላልነበረ ነው።

ይህን ስል ከተቃራኒው ወገን ያለውን ብርቱ ክርክር ማለፍ አይገባም። ክርክሩ የሚመጣው ከህንድ ነው። በኅዳር 2022 አንድ የህንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን በፈቃዳቸው ጡረታ በወጡ ማግስት የምርጫ ኮሚሽነር ሆነው ተሾሙ፤ ፋይሉ ከጥግ እስከ ጥግ በ24 ሰዓት ውስጥ አልቆ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2023 ነገሩን አይቶ ከእንግዲህ ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ የተቃዋሚ መሪውና ዋናው ዳኛ ሆነው ይምረጡ አለ። መንግሥት በታኅሣሥ ወር ሕግ አውጥቶ ዋናውን ዳኛ አስወጣና በምትኩ ሚኒስትር አስገባ፤ ሁለት ለአንድ ሆነ። «አየህ? መንግሥት ስለ አሿሿም ይህን ያህል የሚታገለው ነገሩ ዋጋ ስላለው ነው» ይሉኛል። እውነት ነው፤ መንግሥት የሚወደውን ሰው መሾም ይወዳል። ነገር ግን የዚያችው ህንድ ታሪክ ከዚህ በፊት ያሳየንን አንርሳ። የህንድን ምርጫ ከጉልበተኛና ከገንዘብ ለማላቀቅ የታገሉት ቲ. ኤን. ሴሻን በታኅሣሥ 1990 ሲሾሙ፣ ቀድሞ የቢሮክራሲው ቁንጮ የነበሩ፣ በሥራ አስፈጻሚው ብቻ የተመረጡ ሰው ነበሩ። ማንም ገለልተኛ ኮሚቴ አላያቸውም። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ ዋናው ኮሚሽነር እንደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ካልሆነ በቀር አይነሣም ይላል። ሴሻን ያንን ጋሻ ይዘው ሚኒስትሮችን አንቀጠቀጡ። መንግሥት ሲመረው ምን አደረገ? ሊያነሣቸው አልቻለም፤ ስለዚህ በ1993 ሁለት ኮሚሽነሮች ጎናቸው አስቀምጦ ድምፃቸውን በሦስት ከፈለው። ሿሚው የራሱን ሹም የሚፈራበት አገር ማለት ይህ ነው። ጋሻው ምን ያህል እንደሚሠራ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

ሌላ ምስክር ከአሜሪካ ላምጣ፤ በጆርጂያ ግዛት፣ በአትላንታና በአካባቢዋ ብዙ ወገኖቻችን መራጭ ሆነው ስለሚኖሩም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ2020 ምርጫ የግዛቲቱ ዋና የምርጫ ኃላፊ ብራድ ራፈንስፐርገር በፓርቲ ስም ተወዳድሮ የተመረጠ ሪፐብሊካን ነበር። ገለልተኛ የሚባል ሰው አልነበረም፤ ትራምፕን እንደሚደግፍም አልሸሸገም። በጥር 2021 ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ስልክ ደውለው 11,780 ድምፅ «እንዲያገኝላቸው» ሲጠይቁት ግን እምቢ አለ። በእጅ ዳግም የተቆጠረ የወረቀት ድምፅ ይዞ ነበር፤ ደዋዩም ሊያባርረው አይችልም ነበር። ከዚያ አንድ ወር ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ በዋሽንግተን የምርጫውን የመረጃ ደኅንነት የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበረው ክሪስ ክሬብስ ምርጫው ደኅና ነበር ስላለ በአንድ የትዊተር መልእክት ተባርሯል። ሁለቱም እውነቱን ተናገሩ፤ ክሬብስ ሊሻር የሚችል ስለነበር በዚያው ሳምንት ተሻረ፤ ራፈንስፐርገር ስላልነበር ውጤቱ ጸና። የግዛቲቱ ምክር ቤትም ነገሩ ገብቶት በ2021 ባወጣው ሕግ ያንን ኃላፊ ከምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢነት አነሣው። ጉልበተኛ ከእኛ ይልቅ ብልህ ነው፤ ሥልጣን የት እንዳለ ያውቃል።

አሁን ወደ ሕገ መንግሥታችን እንመለስ፤ ችግራችን ያለው እዚያው ነውና። አንቀጽ 102 ከማንኛውም ተጽዕኖ ነጻ የሆነ የምርጫ ቦርድ ይቋቋማል፣ አባላቱን ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅርቦ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማል ይላል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም የሚነቅፈውም ይህንኑ ነው። ግን አንቀጽ 81ን አንብቡ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንትም ልክ በዚሁ መንገድ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅርቦ ምክር ቤቱ ይሾማቸዋል። አሿሿሙ አንድ ነው። ልዩነቱ ወዲህ ነው። ዳኛን በተመለከተ አንቀጽ 79 ጡረታ እስኪደርስ ከሥራው አይነሣም፣ የሚነሣው የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ በዲሲፕሊን ጥፋት፣ በጉልህ የችሎታ ማነስ ወይም በሕመም ምክንያት ሲወስንና ምክር ቤቱ ሲያጸድቀው ብቻ ነው ይላል፤ ፍርድ ቤቱ በጀቱን ራሱ ለምክር ቤቱ አቅርቦ ሲፈቀድለት ራሱ እንደሚያስተዳድርም ይደነግጋል። ስለ ምርጫ ቦርድ አባል መነሣት ሕገ መንግሥቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ስንት ዓመት እንደሚያገለግል አልተናገረም። በጀቱ ከማን ደጅ እንደሚመጣ አልተናገረም። ሁሉም «ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል» ተብሎ ተተወ፤ ሕግ ማለት ደግሞ በቀላል ድምፅ የሚወጣ አዋጅ ነው።

ያ አዋጅ ስንት ጊዜ ተለዋወጠ? በ1985 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 64 ወጣ። ከ1997ቱ ግርግር በኋላ በ1999 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 532 መጥቶ አደረጃጀቱን ለወጠው። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1133 ዘጠኝ የነበሩትን አባላት አምስት አድርጎ ቦርዱን እንደ አዲስ ሠራው። ሦስተኛው አዋጅ ለበጎ ነው ብለን ተቀበልነው፤ እኔም ተቀብዬዋለሁ። ነገር ግን ለበጎ የተከፈተ በር ለክፉም ይከፈታል። ቦርዱ በመሠረታዊ ሕግ ሳይሆን በአዋጅ እስከቆመ ድረስ፣ የተናደደ ምክር ቤት አንድን ሰብሳቢ ማባረር አያስፈልገውም፤ የቆመበትን አዋጅ ሽሮ ሌላ ማወጅ ይበቃዋል። አባረርኩ ማለት ያሳፍራል፤ «ሪፎርም አደረግሁ» ማለት ያስመሰግናል።

የሚሻረው ቀን ብቻም አይደለም፤ ከሹመቱ በኋላ የሚጠብቀው ወንበርም አለ። በ2009 ዓ.ም. ቦርዱን የያዙት አምባሳደር ሳሚያ ዘካሪያ ከዚያ በፊት የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲን የመሩ፣ በናይጄሪያም አገራቸውን የወከሉ ሰው ናቸው። በሙያቸው አልነቅፋቸውም። እንዲያውም በጀርመን የፌዴራሉ የምርጫ ኃላፊ በልማድ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነው፤ የሚሾመውም በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው፤ ሆኖም በርሊን ላይ «ማን ሾመው?» ብሎ የሚጮህ የለም። በየጣቢያው ቆጠራው ለማንም ሰው ክፍት ስለሆነ ኃላፊው ቢፈልግም ሊሰርቀው የሚችለው ነገር የለም። በእኛ አገር ግን ዛሬ የቦርድ አባል የሆነ ሰው ነገ አምባሳደር፣ ከነገ ወዲያ ኮሚሽነር ሊሆን ይችላል። ተስፋም እንደ ፍርሃት ያስጎነብሳል። ስለ ዕጩው የትናንት ታሪክ ሦስት ወር ሙሉ የምንቆፍር ሰዎች ስለ ነገ ወንበሩ አንድም ጥያቄ አለመጠየቃችን ይገርመኛል።

የፓርቲዎች ኮታ ይሁን የሚሉም አሉ። ከሃምሳ በላይ ፓርቲ ባለበት አገር ለማን ሰጥቶ ማንን መከልከል ነው? ኮታ ሲመጣ ቦርዱ ራሱ ትንሽ ፓርላማ ይሆናል፤ እያንዳንዱ አባል ለላከው ፓርቲ ጠበቃ ሆኖ ይቀመጣል፤ በውሳኔ ቀን ደግሞ ድምፅ ብልጫ ያለው ገዥው ነው። ፍርሃቱ አይጠፋም፤ ከአንድ ሿሚ ወደ ብዙ ሿሚዎች ይባዛል እንጂ።

በመጨረሻም «ጥሩ ሰው እናግኝ» የሚለውን የዋህ ምኞት ልንሰናበተው ይገባል። በ2011 ዓ.ም. ጥሩ ሰው አገኘን ብለን እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ምርጫ ተካሄደ፤ ቦርዱ ከቀደሙት ሁሉ የተሻለ ግልጽነት አሳየ፤ የታሰሩ ዕጩዎች ይመዝገቡ የሚል የሰበር ውሳኔ ሲመጣበትም መዝግቧል። ነገር ግን ትግራይ አልመረጠችም፤ በኦሮሚያ ዋነኞቹ ተቃዋሚዎች ሜዳው ጠቦናል ብለው አልገቡም፤ ገዥው ብልጽግና ፓርቲ ከተገለጹት 436 ወንበሮች 410ሩን ወሰደ። የአንድ ሰብሳቢ ቅንነት ይህን ሁሉ ሊሸከም አይችልም፤ እንዲሸከም መጠበቃችን ነበር ስሕተቱ። በ2015 ዓ.ም. ሰብሳቢዋ በጤና ምክንያት ሲለቁ የተገነባው እምነት አብሯቸው እንደወጣ ብዙ ሰው ተሰማው። እምነቱን ያኖርነው በሰው ላይ ስለነበር ከሰው ጋር አብሮ ሄደ። ተቋም ቢሆን ኖሮ የሰብሳቢ መለወጥ የአንድ ቀን ዜና ሆኖ ባለፈ ነበር።

ስለዚህ ክርክራችንን ከአሿሿም አንስተን ወደ ሌላ ቦታ እንውሰደው። የምለው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ አንቀጽ 79 ለዳኛ የሰጠው ከመነሣት የመጠበቅ ዋስትና ቃል በቃል ለቦርድ አባል ይሰጠው፤ ሕገ መንግሥት ማሻሻል ከባድ ነው ከተባለ እስከዚያው አዋጁ ራሱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅና በፍርድ ቤት ማጣራት ካልሆነ በቀር አባል አይነሣም ይበል። ሁለተኛ፣ አንድ ረዘም ያለ፣ የማይታደስ የሥራ ዘመን ይኑር፤ እንደገና እሾማለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ነጻ አይደለምና። ሦስተኛ፣ ከቦርዱ የወጣ ሰው ቢያንስ አንድ የምርጫ ዘመን እስኪያልፍ ማንኛውንም የመንግሥት ሹመት አይቀበል፤ በምትኩ ጡረታው ደህና ይሁን። አራተኛ፣ ዛሬ በጣቢያው በር ላይ የሚለጠፈው የውጤት ቅጽ በዚያችው ሌሊት ፎቶው ተነሥቶ ለሕዝብ ክፍት ይሁን፤ የፓርቲ ወኪል የተፈረመበት ቅጂ ሳይዝ ከጣቢያው አይውጣ። በገጠር ቀበሌ ኔትወርክ የለም የሚል መልስ ይመጣል፤ ኔትወርክ ባይኖር ካርቦን ወረቀት አለ።

እነዚህ ከተሟሉ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይሹም፣ ኮሚቴ ይመልምል፣ ፕሬዚዳንቱ ይፈርም፤ እንቅልፍ አይነሣኝም። እነዚህ ካልተሟሉ ግን ቅዱሳንን ሰብስበን ቦርድ ብናደርጋቸው ከሁለት ምርጫ በኋላ ወይ ለቀው ይወጣሉ፣ ወይ ይለምዳሉ። ፓርቲዎች በጋራ ምክር ቤታችሁ፣ ተወካዮች በአገራዊ ምክክሩ መድረክ፣ ጋዜጠኞች በመግለጫው አዳራሽ «ማን ሾማቸው?» ስትሉ ሠላሳ ዓመት ከርማችኋል። የሚቀጥለው የቦርድ ሹመት በምክር ቤት ሲቀርብ ያንን ጥያቄ ለአንድ ቀን ተዉትና ይህን ጠይቁ፤ ይህን ሰው ማን፣ በምን ምክንያት፣ በስንት ድምፅ ሊያነሣው ይችላል? መልሱ የሚያሳፍር ከሆነ፣ ዕጩው ምንም ያህል ጥሩ ሰው ቢሆን፣ እጃችሁን አታውጡ።